ቧንቧውን ዘግቼዋለሁ

መጀመሪያ የታያት የአለቃ ጫማ ነው።

ክብሪት ከምሳ ተመልሳ የወርክሾፑን ከባድ በር በትከሻዋ ስትገፋው፣ ጠዋት በአራት የብረት ድጋፎች ላይ ያቆሟት ጄት ጀልባ በቀኝ ጎኗ ተጋድማለች። ወለሉ በውሃ ተጥለቅልቋል። ከጀልባዋ ሥር አንድ ቡናማ ጫማ ወጥቷል፤ ማሰሪያው እንደ ልማዱ ሁለቴ ተቋጥሯል። ጥጉ ላይ ካለው ቧንቧ የተሳበው ወፍራም ጎማ መሬት ወድቆ አሁንም ውሃ ይተፋል። እንዴት እንደወጣች ሳታውቅ ራሷን ውጭ አገኘችው፤ በሩ ከኋላዋ በራሱ ክብደት ተመልሶ ተዘጋ።

«አለቃ! አለቃ!» ብቻ ነበር የምትለው። ሌላ ቃል አልመጣላትም።

የጀልባ ሞተር የሚጠግነው ወንድሟ፣ ሞተረኛው፣ ከወንዙ በኩል እየሮጠ ደረሰና ሁለት ክንዷን ያዛት። «እታለም፣ ምን ሆነሻል? ቧንቧውን ዘግተሽው አልነበረም እንዴ?» አላት። ከዚያ በሩን በርግዶ ገባ። የጀልባዋ ነጂ ሽውታም ተከትሎት ገባ። ሁለቱ ጀልባዋን በክሪክ ሲያነሱ ክብሪት ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ነበር። አለቃ ግን ካለፈ ቆይቷል።

ክብሪት የወርክሾፑ በያጅ ናት። ስሙን ያወጣላት ራሱ አለቃ ነበር፤ አንድም ቀጭን ናት፣ አንድም ቶሎ ትነድዳለች። እናትና አባቷ በልጅነቷ ሲሞቱባት ያሳደጋት ይኸው ሞተረኛው ታላቅ ወንድሟ ነው፤ «ጋሽዬ» ትለዋለች። እጇን ይዞ ብየዳ ያስተማራት ደግሞ አለቃ ነው። የጋሽዬን ሚስትና ልጆች ሳንቆጥር፣ ክብሪት በዚህ ምድር ላይ ያላት ሰው ይኸው ሁለት ነበር። አሁን አንደኛው አስከሬን ክፍል ገብቷል፤ ገዳዩ ደግሞ እሷ ልትባል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጄት ጀልባ እንደ ሌላው ጀልባ ከኋላዋ ውሃ ውስጥ የሚሽከረከር ነገር የላትም። በሆዷ ባለ ወንፊት ውሃ ትስብና በኃይል ወደ ኋላ ትተፋዋለች። ጥልቀት በሌለው ወንዝ ላይ መብረር የምትችለው ለዚህ ነው፤ ሆዷ ከድንጋይ ጋር የሚተዋወቀውም ለዚሁ ነው። አለቃ የእንዲህ ዓይነቱ ሆድ ሐኪም ነበር። በትንሽ መዶሻ እያንኳኳ ያዳምጣል፤ ያዳምጣል እንበል እንጂ ከአርባ ዓመት ጩኸት በኋላ ጆሮው ከድቶት የሚሰማው በጣቱ ነበር። ጉዳት ባገኘ ቁጥር ውሃ በማያጠፋው ባለ ሰም ጠመኔ ይከብበውና ቁጥር ይጽፍበታል። ክቡን የሚያጠፋው ጉዳቱን የጠገነ ሰው ብቻ ነው። አንድ ክብ የቀረባት ጀልባ ውሃ አትነካም።

ዓይን ለማያየው ስንጥቅ ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ። ጀልባዋን በድጋፎቹ ላይ ያቆሙና ውስጧን አንድ ስንዝር ውሃ ይሞሉባታል። ከዚያ አለቃ ሥሯ ተንጋሎ ጠብታ ይጠብቃል። «ውሃ ሐሜተኛ ነው፤ ቀዳዳ ካገኘ ዝም አይልም» ይል ነበር። ከአንድ ስንዝር በላይ ግን ጣት ታህል አያስጨምርም። ውሃ ከባድ ነው፤ ሲበዛ ወደ አንድ ጎን ያደላል፣ ያን ጊዜ ድጋፉ ይታጠፋል።

ያን ሐሙስ ቧንቧውን የከፈተችው ክብሪት ናት። በእንጨት ለክታ፣ ስንዝር ሲሞላ ዘግታ፣ «አለቃ፣ ሄድኩ» ብላ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ለምሳ ወጣች። አለቃ ምሳ አይበላም፤ በእጁ ምልክት አሰናብቷት ሥር ገባ።

የመጣው ፖሊስ ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠየቃት።

«ቧንቧውን ማን ከፈተው?»

«እኔ።»

«የዘጋውስ?»

«እኔ… መሰለኝ።»

ጉድ ያፈላችው ያቺ «መሰለኝ» ናት። ሰው አንድ ነገር ማድረግ አለማድረጉን ራሱን አንዴ መጠየቅ ከጀመረ አበቃ። ክብሪት ባገኘችው ሰው ሁሉ ፊት «ቧንቧውን ዘግቼዋለሁ» ትላለች፤ በልቧ ግን እጇ መክፈቻው ላይ ስትዞር ለማየት በሞከረች ቁጥር የሚታያት የትናንት ወዲያው ነው፣ ወይም ያለፈው ሳምንቱ። በየቀኑ የሚሠራ ነገር የትኛው የየትኛው ቀን እንደሆነ ማን ይለየዋል?

አርብ ጠዋት ኢንስፔክተሯ መጣች። አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ጡረታዋ የደረሰ ሴት ናት፤ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። ስትራመድ ጉልበቷ ይንቋቋል። በወርክሾፑ ውስጥ አንድ ዙር ዞረችና ክብሪት ፊት ቆመች።

«በያጇ አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«እኔ ጀልባ የማውቀው በሥዕል ነው፤ ዋናም አልችልም። ዛሬ አብረሽኝ ትውያለሽ። እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ታስረጂኛለሽ።»

ክብሪት ፖሊስ ተጠርጣሪን አጠገቡ ሲያውል ለምን እንደሆነ የማይገባት ሞኝ አልነበረችም።

«ፈርተሻል» አለች ኢንስፔክተሯ። «ማንን ነው የምትፈሪው?»

«ራሴን።»

ኢንስፔክተሯ መነጽሯን አደረገችና በዚያ ጉልበቷ እያቃሰተች ተንበረከከች። ባትሪዋን አብርታ የጀልባዋን ሆድ ከፊት እስከ ኋላ አየች።

«ይኼ ቁጥር አንድ ምንድን ነው?»

«ድንጋይ ነው። ሽውታ ማክሰኞ መታጠፊያው ላይ የመታው። ድንጋይ አሉሚኒየም ሲያገኝ ይጭራል፤ ጭረቱ ከፊት ወደ ኋላ ይሄዳል። ሁለትም ሦስትም የዚያው ናቸው። አራት ላይ ስንጥቅ አለ። የስንጥቅን ጫፍና ጫፍ በትንሹ እንበሳዋለን፣ እንዳይሮጥ። ከዚያ ነው የሚበየደው።»

«እንዳይሮጥ» አለች ኢንስፔክተሯ፣ ቃሉ እንደጣማት። «ስድስትና ሰባትስ?»

«እነሱም ድንጋይ ናቸው፣ ከኋላ።»

«አለቃሽ ቁጥር ይዘላል?»

«አለቃ? ደረጃ እንኳ ዘሎ አይወጣም ነበር።»

ክብሪት ይህን ካለች በኋላ ነው ራሷም የቆጠረችው። አምስት የለም። ኢንስፔክተሯ ግን ቀድማ ወደ ግራ ጎኑ ሄዳ፣ ወደ ላይ የቀረውን የጀልባዋን ጉንጭ በጣቷ ትዳብሳለች። ጣቷን አሸተተችው። በመሐረብ ጠረገችውና መሐረቡን አጥፋ ኪሷ ከተተች። ከጎኑ ጠርዝ ብረት ሥር በወረንጦ ትንሽ ነገር ለቅማ በወረቀት ጠቀለለች። ክብሪት ከቆመችበት ምን እንደሆነ አልታያትም።

ቀጥሎ ጀልባዋ ውስጥ ወጣች፤ ክብሪት ከሥር እየደገፈቻት።

«እዚህ ውስጥ ምን ስትሠሩ ነበር?»

«ሐሙስ ጠዋት የወለል ጣውላውን በመጋዝ ቆርጠን አነሳን፤ አንድ የድሮ ልጥፍ በግራይንደር ፈገፈግን። ብናኙን ከውሃው ሙከራ በኋላ እንጠርገዋለን ብሎ አለቃ ተወው።»

«ማስመሪያ ስጪኝ።»

ኢንስፔክተሯ አንዴ ለካች፣ ጻፈች። ከፍ አድርጋ እንደገና ለካች፣ ጻፈች። ለብዙ ደቂቃ የጀልባዋን የውስጥ ግድግዳ አፍጥጣ ታይ ነበር። ክብሪት ከውጭ ቆማ የእርሳሱን ድምፅ ስትሰማ የእስራት ዓመቷ የሚጻፍ ይመስላት ነበር።

ረፋዱ ላይ ባለጀልባዋን ጠሯት። ይህች ሴት ወደ ላይኛው ወንዝ መድኃኒትና ፖስታ የምታመላልስ፣ ሲናገሩ የማታስጨርስ ሴት ናት። ሐሙስ ጠዋት ከአለቃ ጋር ስትጣላ መንገደኛው ሁሉ ሰምቷታል።

«በምን ተጣላችሁ?»

«ለቅዳሜ ስጠኝ አልኩት፣ አይሆንም አለኝ። ላይ ያለው ክሊኒክ መድኃኒት ጨርሷል፤ ሰው ይሞትብኛል አልኩት። ‹ይህችን ጀልባ ከነቁስሏ ብለቃት ነው ሰው የሚሞተው› አለኝ። ክፉ አፍ ነበረው፤ ነፍሱን ይማረውና።»

«በምሳ ሰዓት የት ነበሩ?»

«ቢሮዬ፣ ብቻዬን። ምስክር አምጪ ካልሽኝ ግድግዳው አለ። ቀለሙም ገና አልደረቀም፤ እሁድ ከሽውታ ጋር ቀኑን ሙሉ ስንቀባ ውለን ወገቤ እስካሁን አልተቃናም።»

ሽውታ በተራው ገባ። እንደ ስሙ ፈጣን ነው፤ ያን ቀን ግን ቃሉን እየጎተተ ነበር የሚያወጣው።

«ድንጋዩን የመታሁት እኔ ነኝ። አልክድም። ማክሰኞ መታጠፊያው ላይ ውሃው ጎድሎ ነበር።»

«ከማክሰኞ በፊት ጀልባዋ ጤነኛ ነበረች?»

«ቅዳሜ የውሃ መሳቢያዋ ተበላሽቶ ለሞተረኛው ሰጠኋት። ሰኞ ጠዋት ሠርቶ መለሰልኝ። ሆዷን ግን ገልብጬ አላየሁም፤ ውሃ ላይ ያለች ጀልባ እንዴት ትገለበጣለች?»

«በምሳ ሰዓትስ?»

«መኪናዬ ውስጥ ተኝቼ ነበር። ጩኸቷ ነው የቀሰቀሰኝ።»

«ምን ብላ ጮኸች?»

«‹አለቃ፣ አለቃ›። ሌላ ነገር አላለችም፤ እሱም በቃኝ።» ሽውታ ወደ ክብሪት ተመለከተና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይኼ ሳምንት ለወንዙም ጥሩ አልነበረም። እሁድ አንድ አሣ አጥማጅ በላ፤ ሰማያዊ የእንጨት ጀልባው ለሁለት ተሰንጥቃ ተገኘች። ሐሙስ ደግሞ አለቃ። የሚቀጥለው ማን እንደሆነ እንጃ።»

የመጨረሻው ጋሽዬ ነበር። ገና ሲገባ የክብሪትን ራስ ደባበሰ። የኋላ ኪሱ ውስጥ እንደ ሁልጊዜው በዘይት የጠቆረ ጨርቅ ተንጠልጥሏል።

«እኔ ወንዙ ዳር የሌላ ጀልባ ሞተር ፈትቼ ነበር» አለ። «ክቡር ሰው ነበር አለቃ። እህቴ ሆን ብላ አላደረገችውም። ሥራ በዝቶባት ነበር። ሰው ነች፣ ትረሳለች።»

«ረስታዋለች ነው የሚሉት?»

«ውሃው ራሱ ይናገራል እኮ፣ ኢንስፔክተር። ምን እላለሁ?»

ከሰዓት በኋላ ጋሽዬ ቤቱ ወሰዳት። ሚስቱ፣ ክብሪት «እትዬ» የምትላት፣ ፊቷን አጥባ፣ ጋቢ አልብሳ፣ ልጆቹን ጸጥ አሰኝታ እንደ በሽተኛ አስተኛቻት። ጋሽዬ ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠ።

«ስሚኝ እታለም። ነገ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ረሳሁት ብለሽ እመኚ። ሆን ተብሎ የተደረገ አይደለም፤ ቸልተኝነት ነው ይሉታል፣ ቅጣቱም ይቀላል። ከካድሽ ግን ነገሩ ይከፋል።»

«ጋሽዬ፣ እኔ እኮ… የዘጋሁት ይመስለኛል።»

«ይመስልሻል። እርግጠኛ ነሽ?»

እርግጠኛ አልነበረችም። ይህ ሰው በልጅነቷ ትኩሳት ሲይዛት አዝሏት ሐኪም ቤት የሮጠ ሰው ነው። እሱ እንዲህ ካለ እንዲህ ነው። «እሺ» አለች። ስታስበው ግን ፍርሃቷ እስር ቤቱ አልነበረም። የፈራችው ከዛሬ ጀምሮ በራሷ እጅ ሳታምን ዕድሜ ልኳን መኖሯን ነው። የብየዳ ችቦ በያዘች፣ በር በቆለፈች፣ የጋሽዬን ልጅ መንገድ ባሻገረች ቁጥር ያ እጅ አብሯት ነው።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም በወደቀችው ጀልባ ዙሪያ ቆሙ። ባለጀልባዋ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋለች። ሽውታ ግድግዳውን ተደግፏል። ጋሽዬ ከክብሪት አጠገብ ነው፤ ክንዷን ይዟል። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ አሉ። ኢንስፔክተሯ ገና አፏን ሳትከፍት ክብሪት ተናገረች።

«እኔ ነኝ። ረስቼው ነው። ቧንቧውን አልዘጋሁትም።»

«ዘግተሽዋል» አለች ኢንስፔክተሯ።

ሽውታ ከግድግዳው ተላቀቀ።

«ያልሠራሽውን ጥፋት አትውሰጂ። እዚያ በርሜሉ ላይ ቁጭ በይ፤ ጉልበትሽን አላምነውም፣ የኔንም እንደዚሁ።» እሷም አንድ ሳጥን ስባ ተቀመጠች። «መጀመሪያ ውሃው። በጀልባዋ ውስጥ የመጋዝና የብረት ብናኝ ነበር። የእንጨቱ ብናኝ ይንሳፈፋል፤ ውሃው ቆሞ ከቆየ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ መስመር ይሠራል። እየተነሳ የሚያልፍ ውሃ ግን የሚተወው መጨረሻ የደረሰበትን መስመር ብቻ ነው። አንድ ሰው ቧንቧ ከፍቶ ረስቶ ቢሄድ ስንት መስመር ይኖራል?»

«አንድ» አለ ሽውታ። «ላይ፣ መጨረሻው ጋ።»

«እኔ ያገኘሁት ሁለት ነው። አንደኛው ልክ ስንዝር ላይ ነው፤ ወፍራም፣ ቀጥ ያለ። ሁለተኛው ጉልበት ላይ ነው፤ ቀጭን፣ ጀልባዋ ስታጋድል ውሃው የደረሰበት። ስለዚህ ውሃው ስንዝር ላይ ደርሶ ቆሟል፣ እዚያው ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቷል። ከዚያ እንደገና ተነስቷል። ውሃ በራሱ አይቆምም፤ በራሱም አይነሳም። ይህች ልጅ ዘጋችው። ከእሷ በኋላ ሌላ እጅ ከፈተው። አለቃ ጆሮው ስለማይሰማ ከበላዩ ውሃ ሲጨመር አላወቀም።»

ክብሪት እጆቿን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አየቻቸው። እንባዋ መጣ፤ አላቋረጠችውም። የጋሽዬ እጅ ክንዷን ለቆ እንደነበረ ያወቀችው ያኔ ነው።

«ሆን ተብሎ ነው ማለትሽ ነው?» አለች ባለጀልባዋ።

«አዎ። ለምን? ምክንያቱን አለቃ ራሱ ጽፎት ነበር። ሰባት ጉዳት አግኝቶ ከብቧል፤ አምስተኛው የለም። ደረጃ ዘሎ የማይወጣ ሰው ቁጥር አይዘልም። ስለዚህ አንድ ሰው አጥፍቶታል። የት እንደነበረ ለማወቅ ጣቴን ብቻ ነው የፈለግሁት፤ ግራ ጉንጩ ላይ ዘይት አለ።» ወደ ክብሪት ዞረች። «የጠመኔ ክብ አንቺ በምንድን ነው የምታጠፊው?»

«በኬሚካልና በብሩሽ።»

«በዘይት ጨርቅስ?»

«በጭራሽ።» ክብሪት ፈርታም ቢሆን ሙያዋ ሲነካ ድምፅ አወጣች። «ቅባት የነካው ቦታ ብየዳ አይዝም፤ አረፋ ነው የሚሆነው። በያጅ የሆነ ሰው ዘይት ጨርቅ ወደ ጀልባ ቆዳ አያስጠጋም።»

«በውሃው አንዴ፣ በዚህ ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ከጥርጣሬ ወጣሽ። አሁን ከዘይቱ ሥር ያለውን እንመልከት። እዚያ ያለው ጭረት አይደለም። ለስለስ ያለ ጎድጓዳ ነው። ድንጋይ ይጭራል አልሽኝ። የማይጭር፣ የሚጫን ብቻ ምንድን ነው?»

ክብሪት መልሱን ታውቀዋለች።

«እንጨት» አለች ቀስ ብላ።

ኢንስፔክተሯ ወረቀቷን ፈታች። በውስጡ የምስማር ራስ የምታህል ሰማያዊ ቀለም የተቀባች ስንጣሪ አለች። «ከጠርዙ ብረት ሥር የወጣች ናት። አሣ አጥማጁን ወንዝ አልበላውም። ይህች ጀልባ ነች የገጨችው፣ እሁድ። እሁድ ባለጀልባዋና ሽውታ ግድግዳ ሲቀቡ ውለዋል፤ ጎረቤት ሁሉ አይቷቸዋል። ጀልባዋ የነበረችው ጥገና ላይ ነው።»

ማንም ወደ ጋሽዬ ላለመዞር ቢጥርም ሁሉም ዞረ።

«ሞክሬያት መልሻታለሁ» አለ ጋሽዬ። ድምፁ የተረጋጋ ነበር። «መሞከር ወንጀል ነው? ዘይት ጨርቅ በዚህ ቤት በየጥጉ ይገኛል። ስንጣሪውም በወንዝ ላይ ተንሳፍፎ ሊሰካ ይችላል። በዚህ ሰው ይታሰራል?»

«እውነት ነው» አለች ኢንስፔክተሯ። «ጥሩ ጠበቃ ይህን ሁሉ ያፈርሰዋል። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ያለው አንቺ ጋ ነው።» ሳጥኗን ወደ ክብሪት አስጠጋች። «ሐሙስ ጫማውን አይተሽ ወጣሽ፤ ‹አለቃ› እያልሽ ጮኽሽ። ስለ ቧንቧ መጀመሪያ ያነሳው ማነው? አስቢ። አትቸኩይ።»

ክብሪት አሰበች። እስከ አሁን ያን ሰዓት ለማሰብ ደፍራ አታውቅም ነበር፤ ጫማው ላይ ስትደርስ ሐሳቧ ይቆም ነበር። አሁን አለፈችው። በሩ ከኋላዋ ሲዘጋ ሰማች። ሁለት እጅ ክንዷን ሲይዛት ተሰማት። ከዚያ ድምፁ መጣ፣ ቃል በቃል።

ቀና አለች። ጋሽዬ እያያት ነበር። ዓይኑ ይለምናል። ያዘላት እሱ ነው። ደብተር የገዛላት፣ ከእሱ ድርሻ ቆርሶ ያጎረሳት፣ ሌሊት ስትፈራ መብራት የሚያበራላት እሱ ነው። አላስታውስም ብትል ማን ያስገድዳታል? ለሁለት ቀን «መሰለኝ» ስትል ኖራለች፤ አንድ ቀን ብትጨምርበት ማን ይታዘባታል?

ግን ደግሞ አለቃ ከዚያ ጀልባ ሥር ሆኖ በመጨረሻ ያሰበው ነገር ታያት። ውሃው ሲወርድበት «ይህች ልጅ ረስታው ሄደች» ብሎ ይሆናል የሞተው።

«ጋሽዬ ነው» አለች። ድምጿ ቀጭን ነበር፣ ግን አልተሰበረም። «‹ቧንቧውን ዘግተሽው አልነበረም እንዴ› አለኝ።»

«የት ቆሞ?»

«ውጭ።»

«በሩ ክፍት ነበር?»

«አልነበረም። ንፋስ ብየዳ ስለሚያበላሽ በራሱ እንዲዘጋ ነው የተሠራው። ተዘግቶ ነበር።»

«ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር?»

«አልገባም። ገና አልገባም ነበር።»

ሽውታ ትንፋሹን ሳበ። «ውስጡን ሳያይ ነገሩ ውሃ መሆኑን አወቀ» አለችና ኢንስፔክተሯ ማስታወሻዋን ዘጋች። ጋሽዬ እንደቆመ ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አደረገ።

«እሁድ ጀልባዋን ስሞክራት ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ዓይኔ ውስጥ ገብታ አሣ አጥማጁን አላየሁትም። ዞሬ ስመለስ የለም። ለማን ልናገር? አለቃ ሐሙስ ጠዋት ክቡን አሳየኝ። ‹ይኼ ድንጋይ አይደለም› አለኝ። ‹እስከ ምሳ ሰዓት ጊዜ ሰጥቼሃለሁ፤ ሄደህ በራስህ አፍ ተናገር፣ እኔ እንዳልናገርብህ› አለኝ። እሷ ስትወጣ ገብቼ እግሩ ሥር ወድቄ ለመንኩት። ልጆች አሉኝ አልኩት። ‹እሱም ልጆች ነበሩት› ብሎኝ ተመልሶ ሥር ገባ። ሥራውን ቀጠለ። መዶሻው ሲያንኳኳ… እንጃ። እጄ ቧንቧው ላይ ነበር።»

«እኔስ?» አለች ክብሪት።

«ምን?»

«እኔስ፣ ጋሽዬ? በኔ ላይ ነው የከፈትከው።»

«ቸልተኝነት ነው ይሉታል ብዬ ነው» አለ። «ለአንቺ ይቀላል ብዬ ነው።»

ይህን ከልቡ እንደሚያምንበት አየች። ከሁሉም ይልቅ ያስፈራት ይህ ነበር። ፖሊሶቹ እጁን ሲያስሩት አልታገለም፤ በሩ ጋ ሲደርስ ብቻ ዞሮ «እትዬሽን ሌላ ሰው እንዳይነግራት» አላት።

ኢንስፔክተሯ በመኪና ላድርስሽ ብትላት ክብሪት እምቢ አለች። በእግሯ ሄደች። ቀስ ብላ ብትሄድም ቤቱ ሩቅ አልነበረምና ደረሰች። እትዬ ደጅ ወጥታ ትጠብቅ ነበር። ፖሊስ ሳይከተላት ብቻዋን ስትመጣ ስታያት ሮጣ አቀፈቻት፤ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ሳመቻት።

«ለቀቁሽ? እሰይ፣ እሰይ የኔ ልጅ። ሁለት ቀን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደውም እኮ ስላንቺ ሲጨነቅ» አለቻት። ከዚያ በትከሻዋ አሻግራ መንገዱን አየች። «ጋሽሽስ? የት ቀረ?»